ፍርፋሪ

ከግራትስ ወደ ምሥራቅ፣ ትራሙ የሚያልቅበት፣
ጣሪያው እኩል የተነሣ አንድ የዱባ ጎተራ አለበት።
ባለቤቱ ኦቶካር ነው፤ የመነጽር መስታወት ሲሞርድ የኖረ፣
ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሰማይ መሞረድ የጀመረ።

እኔ ፎቅ ላይ ተከራዩ ነኝ፤ ሥራዬ ፍሪጅ ጥገና፣
ኮከብ ለይቼ አላውቅም፤ ብርድ ግን አውቃለሁና
አንድ ማታ በሬን መታ። «ናማ፣ እጅህን አበድረኝ፣
ዐይኔ ሲሞቃት ትዋሻለች፤ እባክህ አብርድልኝ» አለኝ።

«ዐይኔ» የሚላት ቅንጣት ናት፣ ከምስር ፍሬ ያነሰች፣
በቅናሽ ዋጋ ተገዝታ፣ በጥጥ ተጠቅልላ የደረሰች።
አንዲት የብርሃን ፍሬ ብትነካት ትጮኻለች፤
ሙቀት ካገኛት ግን፣ ማንም ሳይነካት «አየሁ» ትላለች።
ምስክር ናት፤ በብርድ ያየችውን ብቻ ታወራለች፣
ስትሞቅ በሐሰት ትምላለች።

ከተጣለ የወይን ማቀዝቀዣ ሆዱን ቀድጄ አወጣሁ፣
ሽቦውን በጥርሴ ላጥሁ፣ ከዐይኗ ጀርባ ለጠፍሁ።
ከዜሮ በታች ሃያ።
ዝም አለች።

ኮረብታው ላይ ጣቢያ አለ፣ የመንግሥት፣ ባለ ጉልላት፣
አረንጓዴ ጨረር ሽቅብ፣ በሰከንድ ሺህ ጊዜ፣ የሚወረወርበት።
ዒላማው ሳተላይት ናት፤ መስታወት ለብሳ የምትከንፍ፣
የላኩባትን ብርሃን ለላኪው የምትመልስ ሳታጎድል፣ ሳታሳልፍ።
ግን ያን ሁሉ መንገድ ሄዶ፣ ያን ሁሉ መንገድ የመጣ
ብርሃን እየሰፋ ነው የሚወርድ፤ ለሰፈሩ ሁሉ ነው የሚመጣ፤
ጉልላቱ ድርሻውን ሲያነሣ
እኛ ዱባ ማሳ ላይ ይወድቃል የተረፈው፣
ከጌታው ማዕድ ሥር እንዳለው።

ኦቶካር ይህን ነው የሚለቅም። ውድ ዕቃ የለውም።
ቴሌስኮፑ ከሟች ጎረቤት ቤት በጨረታ የተገኘ፣
አንድ እግሩ ተሰብሮ በመጥረጊያ እንጨት የተጠገነ፤
ውርጭ ሲይዘው የሚስቱን የፀጉር ማድረቂያ ያበራበታል፣
(እሷ ታውቃለች፤ አታውቅም ብሎ ያስባል)።

በየካቲት፣ ሐሙስ ሌሊት፣ ሮስቪታ ከጣቢያው ደወለች፦
«በአሥር ደቂቃ ትወጣለች። ሰባት ደቂቃ ትቆያለች።»

ማያው ላይ ነጠብጣብ ዘነበ። አንዱ ከአንዱ አይዛመድ።
የኮከብ ጭላጭል፣ የመንገድ መብራት፣ የጨረቃ ርዝራዥ፣ የማናውቀው ጉድ፤
ጤፍና አሸዋ ባንድ ስፌድ።
አፈጠጥኩ።
«ፍሬ ፍሬውን አትይ» አለኝ። «ሰልፍ ፈልግ።
በቀጠሮ የሚመጣ በሰልፍ ይመጣል። ሌላው ይበተናል።»

አንድ ደቂቃ። ሁለት። የጎረቤት ውሻ ጮኸ፣
የበረንዳ መብራት በራ፣ ማያው በነጭ ተጥለቀለቀ።
ኦቶካር ተሳደበ፤ በእሱ ቋንቋ፣ በዝግታ፣ ልክ እንደ ጸሎት።
መብራቱ ጠፋ። አራት።

በአምስተኛው፣ በዝናቡ መሀል፣
ጥቂት ነጥቦች ጎን ለጎን መቆም ጀመሩ፣
በገበያ ግርግር ውስጥ ሠርገኞች
እየተጠራሩ እጅ ለእጅ እንደሚያያዙ።
መጀመሪያ ተጠራጠርሁ፤ የዐይኗን ብርድ አየሁ፤
ከዜሮ በታች ሃያ። አልሞቀችም። አልዋሸችም።

አርባ ሦስት።
ያን ሁሉ ሺህ ጊዜ ከተወረወረው፣
ቁጥር ስም ከሌለው፣
እኛ ጎተራ የገባው አርባ ሦስት ፍሬ ነው።

ኦቶካር አላለቀሰም። መነጽሩን አወለቀ፣ ጠረገ፣
መልሶ አጠለቀ፣ እንደገና አወለቀ።
ስልኩን አነሣ፦ «ደርሶናል።»
«ለእናንተ አልላክሁትም እኮ» አለች ሮስቪታ፣ እየሳቀች።
«እናውቃለን» አላት። ትንሽ ዝም ብሎ፦ «እናውቃለን።»

በማግሥቱ ጠዋት የሥጋ ቤት ማቀዝቀዣ ስጠግን
ባለቤቷ ቀዩን ዐይኔን አይታ «የት አደርህ?» አለችኝ።
«ምስክር ሳበርድ» አልኋት።
ሒሳቤን ስትከፍለኝ
ሁለት ጊዜ ቆጠረችው።